በጽሕፈት ቤትዎ ስላገኘኋት ሁለተኛ ሚስቴ

ለተከበሩ አቶ ፈቃዱ ገመዳ
የወረዳችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎና ባለፈው ሰሞን ቀለም አልቆበት የነበረው ማኅተምዎ እንደምን ሰንብታችኋል? የአዳማ ሙቀት በዚህ ወር እንደሚያውቁት ነውና፣ የቢሮዎ ብቸኛ ማራገቢያ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ እርስዎ እንዳዞረ እንዲቆይ፣ ጤናዎም ሳይጓደል ሥራዎን እንዲያከናውኑ ከልብ እመኛለሁ። እኛም ባለጉዳዮችዎ ከደጅ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ደህና ነን።

ስሜ ዲበኩሉ ይባላል። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስሜ በመታወቂያዬም በሰፈሬም አንድ ዓይነት ስለሆነ እስከ ዛሬ መንግሥትን ያስቸገርኩበት ጊዜ የለም። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የምጽፍልዎ ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው። ምስጋናዬን በመስኮትዎ በኩል ለማቅረብ ሞክሬ ነበር፤ ምስጋና የሚቀበለው ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ነው ስለተባልኩ ግን አደባባይ መውጣት ግድ ሆነብኝ።

ጉዳዩ የባለቤቴ ነው። ከወለንጪቲ ወዲያ ባለች የገጠር ቀበሌ ስትወለድ አባቷ ጉዲቱ ብለው ስም አወጡላት። እኔን አግብታ አዳማ የገባች ዕለት ደግሞ እናቴ፣ በእኛ ዘንድ አማት ለምራቷ ስም እንደምታወጣው ሁሉ፣ በሰርገኛው ፊት እጇን ይዘው አረጋሽ አሏት። እናቴ ከዚያ በፊት ሁለት ሴቶች ልጆች ቀብረው ነበርና ስሙን ለምን እንደመረጡት ማንም አልጠየቃቸውም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ባለቤቴ አረጋሽ ናት። በጋብቻ ወረቀታችን፣ በልጆቻችን የልደት ምስክር ወረቀት፣ በእድሩ፣ በጤና መድን ካርዷ፣ ገበያ ውስጥ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቋ በር ላይ ሳይቀር አረጋሽ ናት። ጉዲቱ የሚለውን ስም እኔ ራሴ የምሰማው ወንድሟ ከወለንጪቲ ሊጠይቃት ሲመጣ ብቻ ነበር።

አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት የመጣች ጊዜ ሠራተኛዎ በታላቅ ትሕትና ሲወለዱ የወጣልዎት ስም ማነው ብሎ ጠየቃት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ እውነቱን ተናገረች። «አባቴ ያወጣልኝማ ጉዲቱ ነው» አለችው፤ ስለዚያ ስም የሚጠይቃት ሰው ካጣች ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበር ደስ ብሏት ነው ያለችው። መታወቂያው ጉዲቱ ተብሎ ወጣ። እቤት ይዛው ስትመጣ እኔም እንደ ሞኝ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

ከዚህ በኋላ የተደረገልንን ውለታ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ. በስተርጅናዬ ሁለተኛ ሚስት ስላጋቡኝ አመሰግናለሁ። በእርስዎ መዝገብ ጉዲቱ የምትባል የዲበኩሉ ሚስት አለች፤ በጋብቻ ወረቀታችን ደግሞ አረጋሽ የምትባል የዲበኩሉ ሚስት አለች። ሠራተኛዎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ሁለት ናቸው እንዴ?» አለኝ። ሽማግሌ ሳልልክ፣ ድንኳን ሳልጥል፣ ከመጀመሪያዋ ጋር እንኳ ሳልጣላ ይህ ክብር እንዲደርሰኝ ማድረግዎ ቀላል አይደለም። ሁለቱም በአንድ ምጣድ ስለሚጋግሩና በአንድ ድምፅ ስለሚቆጡኝ፣ ባለ ሁለት ሚስቶች ያወሩታል የሚባለው ችግር አላገኘኝም። የተቸገሩት ልጆቻችን ናቸው። የወለደቻቸው አረጋሽ ስለሆነች ጉዲቱ እንጀራ እናታቸው ሆናለች። ባቱ ከተማ የሚሠራው የመጀመሪያ ልጃችን ጫላ ነገሩን እንደሰማ ደውሎ የእናቱን ጤና ጠየቀ፤ ቀጥሎም እንጀራ እናቱ እንዳትከፋ ስልኩን እንድሰጣት ለመነኝ።

፪ኛ. አባቴን ስላጠፉልኝ አመሰግናለሁ። በመታወቂያው ማመልከቻ ቅጽ ላይ የባል ስም እስከ አባት ይጠየቃል። ባለቤቴ ባደገችበት አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ የሞቱ አማት ቢሆኑም አትጠራም። ሠራተኛዎ የባልዎ አባት ማን ይባላሉ ሲላት አንገቷን ደፋች፤ ደግሞ ሲጠይቃት «እኔ ስማቸውን አልጠራም፣ ልጄ» አለችው። ደጅ ተቀምጬ ነበርና አንድ ጊዜ ቢጠራኝ እነግረው ነበር። እሱ ግን ወረፋው እንዳይረዝም አስቦ «አልታወቀም» ብሎ ሞላው። በዚህ ከተማ ባቡር ጣቢያ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገልግለው፣ ቀብራቸው ላይ ግማሽ አዳማ የወጣላቸው አባቴ እንዲህ በአንድ ቃል ተሰረዙ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት አባቴ ከሞቱ ዕለት ይበልጥ አዘነች፤ ያከበረቻቸው መስሏት ነበርና።

፫ኛ. ይህን ለማመስገን ቃል አጥሮኛል። የሁለቱም ሚስቶቼ ዓይን በአንድ ጊዜ ታመመ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ ቢቆይ ግን ይከብዳል ብሏል። ከፋሲካ በኋላ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ወደ ከተማችን መጥቶ ለአንድ ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ያልፋል። ባለቤቴ ተመዝግባ ቀን ተቆርጦላታል። ሆኖም የጤና መድን ካርዷ አረጋሽ፣ መታወቂያዋ ጉዲቱ ስለሚል፣ ሆስፒታሉ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከእርስዎ እንድናመጣ አዘዘን። እስከዚያው ባለቤቴ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ መርፌና ክር ይዛ፣ በሱቋ ደጅ የምታልፍ ተማሪ ድምፅ ስትሰማ «የኔ ልጅ፣ ነይማ ይህችን አስገቢልኝ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት በር ላይ የሰቀልኩትን ጃኬቴን «ግባ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ» ስትለው ሰማኋት። መጀመሪያ ሳቅሁ።

፬ኛ. ስለ ምስክሮች። ደብዳቤውን ለመጻፍ ሁለቱንም ስሞቿን የሚያውቁ፣ ስሙም ሲለወጥ ያዩ ሦስት ምስክሮች መታወቂያቸውን ይዘው እንዲቀርቡ ጽሕፈት ቤትዎ ወሰነ፤ ባል አይቆጠርም ተባለ። ሚዜዬ መጣ፣ አለፈ። የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ አማል ከመቂ፣ የጫነችውን ሽንኩርት ለደላላ አደራ ሰጥታ መጣች፣ አለፈች። ሦስተኛው የገዛ ወንድሟ ነበር። አገር ሁሉ ሰንበታ ይለዋል፤ እሑድ ስለተወለደ ነው። መታወቂያው ላይ ግን አያቱ ያወጡለት ኦሊቃ የሚለው ስም አለ። ሠራተኛዎ እንደሚገባው ተጠነቀቀና፣ ሰንበታና ኦሊቃ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጡ ሌሎች ሦስት ምስክሮች ከወለንጪቲ እንዲያመጣ ነገረው። ሰንበታ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ባርኔጣውን አንሥቶ «እኔ ማን እንደሆንኩ እስክትስማሙ ድረስ እህቴ ትታወር ወይ?» አለና ወደ መናኸሪያ ሄደ። ጥያቄውን በቅጽ ስላላቀረበ እስከ ዛሬ መልስ አልተሰጠውም።

አቋራጭ መንገድ ያሳዩን መሆኑንም ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። አንድ ቀን እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው፣ ለምን አንዱን ስም አትተይውም፣ በፍርድ ቤት አስለውጠሽ ትገላገያለሽ አሏት። ምክሩ ቅን እንደነበረ አልጠራጠርም። እርስዎ ወደ ስብሰባ ስለቸኮሉ መልሷን አልሰሙምና እኔ ላድርስልዎ። «አንዱን ልተው? አባቴን ነው ወይስ አማቴን የምተወው?» ነበር ያለችው። ሁለቱም ሞተዋል፤ የሰጧት ነገር ቢኖር ስም ነው፤ ሁለቱንም ስም ሳታጎድል ይዛ ኖራለች። ይህን የሚመዘግብ ቦታ በቅጽዎ ላይ ቢያጡ አይፈረድብዎትም፤ ወረቀቱ ጠባብ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው አንድ አጭር ደብዳቤ ብቻ ነው። ከፋሲካ በፊት ቢደርሰን ባለቤቴ የደብዳቤውን ማኅተም በገዛ ዓይኗ ታየዋለች ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ከፋሲካ በኋላ ግን በደንብ ታየዋለች፤ እርስዎንም አይታ ታመሰግናለች። እስከ ዛሬ የምታውቅዎት በድምፅዎ ነው፤ ስብሰባ አለብኝ የሚለው ድምፅ እሳቸው ናቸው ትላለች።

ማራገቢያዎ አይቁም፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ስብሰባዎ ይጠር እያልኩ፣ ሁለቱም ሚስቶቼ የላኩትን የአክብሮት ሰላምታ አደርሳለሁ።

ትሑት ባለጉዳይዎ፣
ዲበኩሉ፣ አባቱ ያልታወቀ
የወይዘሮ ጉዲቱና የወይዘሮ አረጋሽ ባል
አዳማ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሦስተኛ ምስክር ተገኙልን። በሰርጋችን ዕለት እናቴ አጠገብ ቆመው፣ ስሙ ሲወጣ ቀድመው እልል ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ከመስኮትዎ ይቀርባሉ። መታወቂያቸው ደራርቱ ይላል፤ ይህንንም ስም እኔ ያወቅሁት መታወቂያቸውን ያሳዩኝ ጊዜ ነው። ሠራተኛዎ ለማጣራት ወደ ሰፈራችን ሰው ቢልክ በዚህ ስም አያገኛቸውምና «የጂጂ እናት ቤት የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ያሳዩታል። ጂጂ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ሲያድግ ፈቃዱ ተብሎ የመንግሥት ኃላፊ ሆኗል። ደራርቱና የጂጂ እናት አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጡ ሦስት ምስክሮች የሚያስፈልጉ ከሆነ፣ ሁለቱን እኛ እንፈልጋለን፤ አንደኛው እዚያው ወንበርዎ ላይ ተቀምጧል።