አያትሽ ያዘዙልሽ ምግብ

ልጄ ፍሬሰላም፣

አያትሽ ዛሬ ጠዋት «ኩዌቲያው» አሉ።

እመብርሃን ካለሽበት ትጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ማሽላውም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

አያትሽ ከታመሙ ወዲህ አማርኛው ጠፍቶባቸው የልጅነታቸውን ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። ውሃ ሲፈልጉ «ቢሻን»፣ ገንፎ ሲያምራቸው «ማርቃ» ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳህናቸውን አንቺ ትቀመጪበት ወደነበረው መደብ ገፉና «ታውሁ፣ ታውጌ» አሉ። አጎትሽ ዋሲሁን «እማዬ ደግሞ የማንን ቋንቋ ጀመረች!» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ስትደውዪ ስላለሽበት አገር ስለ ማሌዢያ ምግብ አጫወትሽኝ። ታውሁ የአኩሪ አተር አይብ፣ ታውጌ የማሾ ቡቃያ ነው፤ እኛ ፓስታን ከጣሊያን እንደወሰድነው እነሱም ስሙን ከቻይናዎች ወሰዱት አልሽኝ። አያትሽ ግን ይህንኑ ከአንቺ ቀድመው ቅዳሜ ብለውት ነበር።

ኩዌቲያውን ግን አልነገርሽኝም። ከዚያው ከአንቺ ዘንድ ለእረፍት የመጣችው ጓደኛሽ ቤዛ ስትሰማ ክው አለች። እሱም ከቻይናዎች የተወሰደ ስም ነው፤ እናንተ ሰፈር የሚሸጥ የሩዝ ፓስታ ነው አለችኝ።

አያትሽ ሳህኑን ገፍተው በኦሮምኛ የሚደጋግሙት አንድ ነገር ነው፦ «ልጅቱ አልበላችም።»

አንቺ በስልክ ጠግቤ ነው የማድረው ብለሽኛል። ዋሲሁን አሁን አይስቅም። አባትሽም በሬዎቹን ሸጬ ላምጣት እያለ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ቤዛ ናት። እባክሽ ልጄ፣ እኔን ላለማሳዘን ብለሽ የደበቅሽው ካለ ለእሷ ንገሪያት። የማርያም ልጅ ያገናኘን። ቤዛ እሁድ ትደውልልናለች፤ አባትሽ የሚወስነው ያን ቀን ነው።

እናትሽ ደመቀች
ቆቦ