ስሙ ተጠርቶ እንዲነበብ፦ የወ/ሮ ሰገነት ጥዑመ ልሳን የሕይወት ታሪክ (1968–2017 ዓ.ም)

ወ/ሮ ሰገነት ከአባታቸው ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ወልደ ሐዋርያት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ኪዳን ገድሉ በጣና ዳር፣ በዘጌ፣ በ1968 ዓ.ም ተወለዱ። አባታቸው የዜማ መምህር ስለነበሩ ፊደል የለዩት ከቆሎ ተማሪዎች ጎን ተቀምጠው ነው። ከፍ ሲሉ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው፣ አክስታቸው ዘንድ እየኖሩ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ።

በ1987 ዓ.ም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል ተቀጠሩ። የማሽኑ ጩኸት ስላስለመዳቸው ቤታቸውም ውስጥ ጮክ ብለው ነበር የሚናገሩት፤ በዚያ ቤት ምን እንደተበላ ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር። በ1990 ዓ.ም ከሥራ ባልደረባቸው ከአቶ አዘዘ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር በሽማግሌ ወግ ተጋብተው አማኑኤልን እና ቃልኪዳንን ወለዱ።

በ2011 ዓ.ም ቃልኪዳን አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት፣ የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት በትምህርት ቤቷ ይሰጥ ጀመር። በሰፈሩ ግን «ልጆቹን ያመክናል» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር፤ ወ/ሮ ሰገነትም አመኑት። በክትባቱ ዕለት ልጃቸውን ከቤት አላስወጧትም። ልትጠራት የመጣችውን መምህርት «የልጅ ልጅ ልታሳጡኝ ነው ወይ?» ብለው ከደጅ መለሷት።

በ2015 ዓ.ም፣ የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ፣ ደም ይፈሳቸው ጀመር። ለማንም አልተናገሩም። ደም እየፈሰሳቸው ቤተ መቅደስ መግባትን ስላልደፈሩ ዓመቱን ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ፤ አቶ አዘዘ ትሕትና መስሏቸው ነበር። ይሻለኛል ብለው ወንዛዬ ፍል ውሃም ወርደው ሳይሻላቸው ተመለሱ። በመጨረሻ ቃልኪዳን የደበቁትን ልብስ አይታ እያለቀሰች ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ የማሕፀን በር ካንሰር መሆኑንና ከቦታው አልፎ መሰራጨቱን ነገሯቸው። «እኔ እኮ ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም» አሉ ወ/ሮ ሰገነት።

«እናቴ፣ ይህ የብልግና ምልክት አይደለም» አሉ ሐኪሙ። «የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ሳያውቀው ይይዘዋል። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። አንዳንዷ ላይ ግን ይቀርና፣ ምንም ሳያሳምም የማሕፀን በርን ሥጋ ለብዙ ዓመታት እየለወጠ ይኖራል። ያኔ በምርመራ ቢገኝ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ይታከም ነበር።»

አብረው የመጡት አቶ አዘዘ አንገታቸውን ደፍተው «ከጋብቻችን በፊት ከሌላ ሴት ጋር ያሳለፍሁት ጊዜ አለ። እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ» አሉ።

«ተው አዘዘ፤ አሁን እሱን ማን ያውቀዋል? ይልቅ ስለ ልጅቱ ጠይቅልኝ።»

ሐኪሙ በዘመቻ የሚሰጠው ክትባት ለትንንሽ ልጆች በመሆኑ ቃልኪዳንን እንዳለፋት፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ግን ምርመራው እንዳይቀርባት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ወ/ሮ ሰገነት ለራሳቸው ሲያለቅሱ ያየ የለም። ልጅቱ ወደ ክፍላቸው ስትገባ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ተልከው ወረፋ ተሰጣቸው። ወረፋው ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት ኩላሊታቸው ደክሞ ነበር፤ ሐኪሞቹም ከማስታገሻ በቀር የሚሰጧቸው እንደሌለ ነገሯቸው። የቤተሰቡ ጸሎትም ጸበሉም ሕመሙን አልመለሰውም። በመጨረሻው ሰሞን ወንድማቸውን ጠርተው «ባደረባት ሕመም ብላችሁ እንዳትሸፍኑት። ስሙን ጥሩት፤ ልጄን ክትባቱን የከለከልኋትም እኔ እንደሆንሁ አንብቡት» ብለው አዘዙ። ወንድማቸው ይህን የጻፉት በእህታቸው ትእዛዝ ነው።

ወ/ሮ ሰገነት ጥዑመ ልሳን በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በማሕፀን በር ካንሰር አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን እና ዛሬ ልጃቸውን ለመቅበር ሐይቁን ተሻግረው የመጡትን እናታቸውን ወ/ሮ ወለተ ኪዳንን ትተው አልፈዋል።

ዓመቱን ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ የቆሙትን እናት አምላካችን ወደ ውስጥ ይጥራቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ቃልኪዳንን ምን ብለን እንደምናጽናናት አናውቅም፤ አምላክ ሆይ፣ አንተ ጠብቃት፣ አሜን።