መሃሉን ስለሳተው ጠረጴዛ፣ ለጥራት መምሪያ ኃላፊ

ለክቡር የሰው ሠራሽ አካል ማምረቻ ድርጅት የጥራት መምሪያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ፣ ውድ ቤተሰብዎና ከውስጥ ተቆልፎ የሚውለው የቢሮዎ በር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ እገልጻለሁ። እኔ ሲኤንሲ በሚባለው፣ በኮምፒውተር በሚታዘዘው የብረት መቁረጫ ፍሬዛ ማሽን ላይ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የጓንትና የመጥረጊያ መጋዘን ጠባቂ የሆንኩ ሠራተኛ ነኝ። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሥራ ስለሚበዛብዎ ሳይከፈቱ ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ እንግዶች ድርጅቱን ስለጎበኙበት ቀን አመሰግናለሁ። ማሽኑ በሙሉ ፍጥነቱ እንዲታይ ባዘዙ ጊዜ ብረቱ ገና በደንብ አልታሰረም ብዬ ብለምንዎ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አታሳፍረን እንጂ፣ ልቀቀው!» አሉኝ። ለቀቅኩት። መቁረጫው ከሚዞረው ጠረጴዛ ጋር ተላተመ፤ እንግዶቹም የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሁለተኛ፣ ስለ አረንጓዴው ወረቀት። ያ ጠረጴዛ የምንሠራውን የሰው ሠራሽ ጉልበት ብረት ይዞ የሚዞር ነው፤ አንዱ ጎን ከተበሳ በኋላ ግማሽ ዙር ዞሮ ሌላው ይበሳል፣ በሁለቱ ቀዳዳዎችም አንድ ዘንግ ያልፋል። ማሽኑ የመዞሪያው መሃል የት እንዳለ የሚያውቀው ኦፍሴት በምንለው፣ በተጻፈለት ቁጥር ብቻ ነው። በግጭቱ መሃሉ ሸሸ፣ ቁጥሩ ባለበት ቀረ። ለሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ሳይቀር በመጠንቀቃቸው «ጋሼ ማይክሮን» የምንላቸው አንጋፋው ባልደረባዬ ጠረጴዛው ላይ የመለኪያ ዘንግ አቁመው ለኩ፤ ግማሽ ዙር አዙረው ደግመው ለኩ፤ የልዩነቱን ግማሽ ወሰዱ። መሃሉ አንድ ፀጉር ያህል ስቷል፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ሲደርስ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል። ይህንን ብናመለክት፣ ከመምሪያዎ የመጣው ተቆጣጣሪ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሸራውን እንደለበሰ፣ «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትክክለኛ ነው» የሚል፣ የድሮው ቁጥር የሰፈረበት አረንጓዴ የምስክር ወረቀት ለጥፎበት ሄደ። ሸራውን ሳይገልጡ መሃል መለካት ለእኛ ያልተሰጠ ጥበብ ነው።

ሦስተኛው ስለ ልብስ ሰፊዋ ነው። በእግር በሚረገጥ መኪና እየሰፉ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። አዲሱን ጉልበታቸውን ይዘው ተመለሱና «የኔ ልጅ፣ መታጠፍ ሲያቅተው እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው ያረጀው?» አሉኝ። ዘንጉን ሳወጣው በአንድ ጎኑ ተበልቶ አገኘሁት። ቶሎ ሌላ እንደምሠራላቸው ቃል ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት ከጋሼ ማይክሮን ጋር ገብተን መሃሉን እንደገና ለካን፣ ትክክለኛውንም ቁጥር ጻፍንለት። አሥራ አንድ ጉልበቶች ሠራን፤ ዘንጉ በጣት ሲገፋ ይገባ ነበር። ጋሼ ማይክሮን እንደ ልጅ ደጋግመው እያስገቡና እያወጡ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛው የልብስ ሰፊዋ ነበር።

አራተኛ፣ እሱን ልንጀምር ስንል ተቆጣጣሪዎ መጥቶ በማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር በምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር እንደማይገጥም ስላገኘ፣ የድሮውን ቁጥር መልሶ በምስጢር ቃል ስለቆለፈበት አመሰግናለሁ። «እየሠራ እኮ ነው!» ብለው ጋሼ ማይክሮን ቢጮሁበት፣ «ይሥራ አይሥራ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ ከወረቀቱ ይግጠም» አላቸው። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ እርሳቸው በጡረታ ተሸኙ።

ልብስ ሰፊዋ በሳምንቱ ደረጃ ሲወርዱ ያው የተበላው ጉልበት ነክሶ ያዘባቸውና ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ምትክ እንዲሠራላቸው ያቀረብኩትን ማመልከቻ መምሪያዎ የመለሰው በአንድ መስመር ነው፤ ማሽኑ ጉድለት ስለሌለበት አወዳደቁ የተጠቃሚዋ ስህተት ነው። ይህን ሆስፒታል ሄጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አልተቆጡም። «እሺ፣ አንተ አትዘን» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አምስተኛም ነበረኝ። ግን ይህ ሰሌዳ ጠባብ ነው፣ እኔም ደክሞኛል። ማሽኑ ዛሬም ይሠራል፤ ከመጋዘኑ ሆኜ ጠረጴዛው ሲዞር ይሰማኛል፤ በቀን ስድስት ጉልበት ያወጣል። እንዲያስተካክሉት አልጠይቅም፤ መጠየቅ ትቻለሁ። የጻፍኩት አላወቅንም ነበር እንዳይባል ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞው የፍሬዛ ባለሙያ፣ የአሁኑ የመጥረጊያ ጠባቂ

ማሳሰቢያ፦ ለክብርት አማትዎ የታዘዘው ጉልበት በሲኤንሲው ሳይሆን ያለ እርስዎ ትእዛዝ በማይነካው አሮጌ ማሽን፣ በእጅ፣ በእኔው እንዲሠራ በራስዎ እጅ ጽፈው የላኩት ወረቀት ደርሶኛል። ሠርቼ አስረክቤያለሁ። ምንም እንከን የለበትም፤ በጤና ይራመዱበት።