ዳገት ላይ የሚያስለው መኪና

ይድረስ እንደ እህት ላሳደጉኝ፣ እንደ እናት ለተቆጡኝ ለእትዬ ወለተጻድቅ።

እንደምን ከርመዋል? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያነክስዎ ጉልበት እንዴት አደረገዎ? ልጅዎስ፣ ላሟስ፣ ደጁስ ደኅና ነው ወይ? ባለቤትዎ ጋሼ ወንድይፍራው የት እንዳሉ አልጠይቅም፤ ብጠይቅም እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ። ጫካው ይሰውራቸው ብቻ እላለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሌ ደኅና ነው። ልቤ ግን መቀመጫ አጥቷል። ይህችን ወረቀት እንኳ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም እሳት ውስጥ ጨመርኋት።

እዚህ ኮልፌ ከጣሊያኖቹ ጋራዥ መግባቴን ሰምተው «ባንዳ ሆነ» ብለው እንደተቆጡ ሰው ነግሮኛል። አልተቀየምሁም። ከጦርነቱ በፊት የተማርሁት ሞተር ነው፣ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ሆድ ደግሞ ጠላትና ወዳጅ አይለይም። አሁን የምነግርዎ ግን ከዚያም የከፋ ነው፤ ጨርሰው ሳያነቡ አይርገሙኝ።

በጥር ወር አራቱም ጎማው የሚጎትት፣ መድፍ ሳቢ መኪና መጣልን። ለጭቃና ለድንጋይ ጉድ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ጥቁር ጢስ እየተፋ፣ እያሳለ ይቆማል። ካፖው፣ የጋራዡ አለቃ ማለት ነው፣ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አስፈታው። በሽታው ለካ ካርቡራቶሩ ላይ ኖሯል። ካርቡራቶር ቤንዚንና አየር ተለክተው የሚቀላቀሉበት፣ ከቡጢ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። የኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ ተለክቶ በተሠራው ላይ ቤንዚኑ ይበዛል። ደግሞ ውስጡ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ኩባያ አለች፤ መኪናው አፍንጫውን ሽቅብ ሲያነሣ ቤንዚኑ እንደተጋደመ ማሰሮ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና ማሾለኪያው ቀዳዳ ደርቆ ይቀራል።

ቀዳዳውን በቀለጠ ቆርቆሮ ደፍኜ፣ አጥብቤ በመርፌ ከፈትሁት። በየትኛው መርፌ ይሉኛል? ከቤት ስወጣ ጋቢዬ ጠርዝ ላይ በሰኩልኝ መርፌ። ከዚያ የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቀውን ተንሳፋፊ ምላሷን በጥፍር ውፍረት አቃናሁና ኩባያዋ ሞላ ብላ እንድትቆም አደረግሁ። መኪናው ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ዳገት እንደ ፍየል ወጣው። ካፖው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሲጋራ ሰጠኝ። ደስ አለኝ፣ እትዬ። አልዋሽዎትም፣ በጣም ደስ አለኝ።

አፌ ያመለጠኝ ይሄኔ ነው። ካፖው በዚያች ዳገት ሲኩራራ፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ «ይሄ ምኑ ዳገት ነው? ዳገትስ የኛ አገሩ እንዝርት ዳገት! በቅሎ እንኳ አማትባ ነው የምትወጣው» አልሁት። ስንት ጥምዝ እንዳለው፣ የቱ ጋ ድንጋይ የቱ ጋ ሸክላ አፈር እንደሆነ አንድ ባንድ ጠየቀኝ። እኔም የአገሬ ዳገት እንዳይናቅብኝ አንድ ባንድ ነገርሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል? እሱ ለካ በደብተሩ ይጽፍ ኖሯል።

በሳምንቱ ትእዛዝ መጣ። መኪናው ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ፣ መድፍ ጎትቶ ወደ እንዝርት ዳገት ይነሣል። እሱ ከወጣ አሥራ አንድ መሰሎቹ እንደሱ ተስተካክለው ይከተሉታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እናንተን የጠበቀ ያ ዳገት እኮ ነው! ጋሼም ባልንጀሮቻቸውም፣ የትኛውም ጥሻ ይሁኑ፣ ያሉት ከአፋፉ በላይ ነው። እኔ ነኝ በገዛ አፌ መንገዱን ያሳየሁ፣ በገዛ እጄ መኪናውን ያቃናሁ። ከዚያ ወዲህ ስቀመጥ መቆም፣ ስቆም መቀመጥ ያሰኘኛል፤ ጎረቤት በሩን ሲዘጋ እንኳ እደነግጣለሁ።

ትናንት ካፖው ለምሳ ሲሄድ ካርቡራቶሩን ፈታሁት። ያቃናኋትን ምላስ መለስኋት፣ ከቀድሞውም አሳልፌ አጠፍኋት። ጢሱን ያስቀረውን የጠበበ ቀዳዳ አልነካሁትም፤ የኮልፌው ዳገት ደግሞ አጭርና ለዘብ ያለ ስለሆነ አያጋልጠኝም፤ ዛሬ ሲፈትኑት እንደ ፍየል ወጣላቸው። እንዝርት ላይ ግን ሦስተኛው ጥምዝ ሳይደርስ ኩባያዋ ትጎድላለች፤ ያስላል፣ ይቆማል። ይህ የሚሆነው ካፖው ካልከፈተው ነው። በመነሻው ዕለት ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አየዋለሁ ብሏል። ከከፈተው የማን እጅ እንደሆነ አይጠፋውም። ሽሽ ይሉኝ ይሆናል፤ ከሸሸሁ ግን ተጠራጥሮ ያኑ ዕለት ይከፍተዋል። ስለዚህ እዚሁ እየሳቅሁ ጎማ እነፋለሁ። ፈርቻለሁ፣ እትዬ።

ወረቀቱን የሚያመጣልዎ ወዬሳ የኮልፌ የበቅሎ ነጋዴ ነው፤ ሰውየው ታማኝ ነው። ኮርቻው ውስጥ የሰፋሁት በዚያችው መርፌ ነው፤ ቃሉ የኔ ለመሆኑ ምልክት እንድትሆንዎ እላዩ ላይ ሰክቻታለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

ለጋሼ ወንድይፍራው ባሉበት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ያን ሰሞን ዓይናቸው ከሦስተኛው ጥምዝ አይራቅ። ልጅዎን አስካለማርያምን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ትልቅ ልጅ ሆናለችና ስንቁን አሰናድታ ትቆይ። የአማትዎን የእማማ ዋጋነሽን ጉልበት ይሳሙልኝ። ዓይናቸው ቢፈዝም ከጆሯቸው የሚያመልጥ የለምና፣ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ አፋፉ ላይ አስቀምጠዋቸው ያዳምጡ። መኪናው ካሳለ፣ እስከ ተነሣባት ሰዓት ደኅና ነበርሁ ማለት ነው። ሳያስል ከወጣ ግን ልጅቱንና እማማን ይዘው ወደ ጫካው ይሂዱ፤ የኔን ሻማ ከደረሱበት ያበሩልኛል።

ወንድምዎ አምሐ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.