ሁለት ወር እዚህ፣ ሁለት ወር እዚያ

ጥር 9

የጎረቤቴን ሱሪ አሳጠርኩ። በልኩ አይገዛ፣ ከገዛ በኋላ እኔን ያስቸግራል። ሰው እግሩ የት ላይ እንደሚያልቅ እንዴት አያውቅም?

ከሰዓት ልጆቼ መጡ። ሁለቱም፣ አንድ ላይ፣ ማንም ሳይሞት። ያኔውኑ ጠረጠርኩ። ወንዱ ባንክ ነው የሚሠራው፤ እናቱንም እንደ ስብሰባ ነው የሚመራት። "እማ፣ እንነጋገር" አለ። ደረጃው... ጉልበትሽ... አራተኛ ፎቅ... ብቻሽን... እህቱ በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። "አማራጮች አሉ" አለ። አንዱ አማራጭ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የታተመ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ወረቀቱ ላይ አሮጊቶቹ ሁሉ ይስቃሉ። ምን ቢነግሯቸው ነው?

ጥር 14

ከሴቷ ልጄ ጋር ሄጄ አየሁት። ሳቂዎቹ የሉም። ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ ሰዎች አሉ፤ ሐኪም የማይመጣበት ክሊኒክ ወረፋ የያዙ ይመስላሉ። አስተዳዳሪዋ እኔን ልታክል ምንም አልቀራት፣ "የኔ እናት" ትለኛለች። እየጮኸች።

"አልደነቆርኩም" አልኳት።

"ጎበዝ" አለች፣ ይበልጥ ጮኻ።

ስንመለስ ልጄ "እንዴት ነው ታዲያ?" አለችኝ። የሚያብረቀርቀውን ወረቀት መለስኩላት። ገብቷታል።

ጥር 22

እሺ አልኩ። ለአረጋውያኑ ቤት አይደለም፣ ለሁለተኛው አማራጭ። ሁለት ወር ወንዱ ጋ፣ ሁለት ወር ሴቷ ጋ፣ በተራ። ለምን እሺ አልኩ? ትናንት ሽንኩርት ይዤ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሱሪ የማሳጥርለት ጎረቤት "አይዞዎት" ብሎ በጎኔ ተራምዶ ወጣ፣ እኔው ባሳጠርኩት ሱሪ። እንዲህ ተቀምጬ እንዳልቀር ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለውም።

የልብስ ስፌት ማሽኔን የሚያስጠጋ ጠፋ። "ለሳሎናችን አይሄድም" አለች ምራቴ። "ቦታ የለኝም እማዬ" አለች ልጄ። በመጨረሻ ማን ደወለ? ዳኛዋ። የሟቹ ባሌ እህት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስትፈርድብኝ ነው የኖረችው። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች፣ እስካሁን ሰው ሁሉ ሩቅ አገር ያለ ይመስላታል። "ጓዳዬ ይቀመጥ። አቧራውን ግን አልጠርግልሽም።" ማን ለመናት?

የካቲት 8

ወንዱ ልጄ ቤት ገባሁ። ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ሶፋው ነጭ፣ ምንጣፉ ነጭ፣ የምራቴ ጥርስ ነጭ። ዕቃ ላነሳ ስል "ይረፉ እማማ"። ልጠርግ ስል "ይረፉ"። ድስት ልከድን ስል "ኧረ ይረፉ"። ያረፈ ሰው እንደሚቀበር አታውቅም?

መጋቢት 3

እንግዶች ነበሩ። ምራቴ አስተዋወቀችኝ። "የባለቤቴ እናት ናቸው። ለጊዜው እኛ ጋ ናቸው።"

ለጊዜው... ልጄ ሰምቷል። ብርጭቆውን አየ። ለጊዜው የሆንኩበት ቤት ውስጥ መሞት አልፈልግም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

መጋቢት 11

ምራቴ ሌላ ሰፊ ጋ ቀሚስ አሰፍታ መጣች። ቀኝ ትከሻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጠርዙ እባብ የሄደበት ነው። "አምሮብሻል" አልኳት። ይበቃታል።

ሚያዝያ 8

ዛሬ ተራዬ ዞረ። ልጄ ጠዋት ሻንጣዬን አውርዶ የግቢው በር ጋ አስቀመጠው። "እህቴ አሁን ትመጣለች እማ፣ እኔ ስብሰባ አለኝ።" ጉንጬን ስሞኝ ሄደ። ምራቴ ቀድማ ወጥታለች። ቤቱ ተቆልፏል። ለጊዜው ላለ ሰው ቁልፍ አይሰጥም።

ጠበቅሁ። ሴቷ ጋ ደወልኩ። "ቅዳሜ ነው እኮ ያልነው እማዬ። እኔ ለሥራ ከከተማ ወጥቻለሁ።" የወንዱ ስልክ ዝግ ነው። አንዱ በወሩ ቀን ይቆጥራል፣ ሌላዋ በሳምንቱ። መሀል ላይ እኔ፣ ሻንጣ ላይ። እነዚህን ነው ያስተማርኩት?

ጥበቃው በርጩማውን ለቀቀልኝ። ደግ ሰው ነው። ግን ጠየቀኝ።

"እማማ፣ ቤትዎ የት ነው? ታክሲ ልጥራልዎት።"

የድሮውን ልነግረው ነበር። አራተኛ ፎቁን ለቅቄያለሁ፣ ሌላ ሰው ገብቶበታል። አለቀስኩ፣ የሰው ጥበቃ ፊት። ከዚያ ለታክሲው ማሽኔ ያለበትን ሰፈር ነገርኩት። የራሴ ነገር ያለበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ሚያዝያ 9

ዳኛዋ ትናንት በሩን ስትከፍት ሻንጣዬን አየች እንጂ እኔን አላየችም።

"ጣሉሽ?"

"ማሽኔን ለማየት ነው የመጣሁት።"

"በሻንጣ?"

ገባሁ። ቤቷ የብል መድኃኒት ይሸታል። በየክፍሉ ሰዓት ተሰቅሏል፣ ሁሉም የተለያየ ይናገራል፣ እሷ ሁሉንም ታምናለች። ሳልቀመጥ ቢላ ሰጠችኝ። "ሽንኩርት ክተፊ። ቆመሽ አትዪኝ።" ከተፍኩ። አየችው።

"ወንድሜን ያን ሁሉ ዘመን ይሄን ነው ያበላሽው?"

"ወንድምሽን የገደለው የአንቺ ጩኸት ነው።"

በላን። ጨው የለውም። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ በልቼ አላውቅም፤ ለእሷ ግን አልነግራትም።

ሚያዝያ 15

ልጆቼ መጡ፣ እርስ በርስ እየተካሰሱ። አንተ ነህ... አንቺ ነሽ... ወንዱ "ሰው ምን ይለናል እማ?" አለ። ያሳሰበው ሰው ነው። ሴቷ አለቀሰች። ለእሷ አዘንኩ፣ ትንሽ።

"ውሰዷት" አለች ዳኛዋ ከኩሽና። "ስታንኮራፋ ግድግዳው ይነቃነቃል።"

"አልሄድም" አልኩ።

"ከእሷ ጋር ልትኖሪ? ዕድሜሽን ሙሉ ስታሚያት ኖረሽ?" አለ ወንዱ።

"አዎ። እዚህ ይረፉ የሚለኝ የለም።"

አልገባቸውም። ሄዱ። ዳኛዋም ቅሪ አላለችኝም። ማታ ሁለት ሳህን አቀረበች፣ ያ ብቻ።

ግንቦት 2

ዳኛዋ ሾርባ ስትጠጣ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል።

ግንቦት 19

በስልክ ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ሰማሁ። መስማት አይቀርም። "እንግዳ አለችብኝ" አለች።

እንግዳ... እዚህም? ምሳ ላይ ስትሰድበኝ መልሼ አልሰደብኳትም። "አመመሽ እንዴ?" አለች። ሻንጣዬን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልፈታሁትም። ሁለት ቀሚስና የክረምት ካፖርቴ ታጥፈው ውስጡ ናቸው። ምን እየጠበቅሁ ነው? እሷም ታውቃለች፤ በአጠገቡ ስታልፍ በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች።

ሰኔ 6

ተጣላን። የዛሬው የምር ነው። ማሽኔን ከጓዳ አውጥቼ ብርሃን ወዳለበት መስኮት አስጠጋሁት፣ የእሷን ወንበር ገፍቼ። ዓይኔ ደክሟል፣ በጓዳ አምፖል መርፌ ውስጥ ክር አይገባልኝም። ወንበሯ ግን ከቦታው ተነስቶ አያውቅም መሰለኝ። ጮኸች። ጮህኩ። የሠርጌን ቀን ሳይቀር አነሳን። በመጨረሻ በጣቷ በሩን አሳየችኝ።

"ከቤቴ ውጪልኝ።"

"የት ነው የምወጣው? ቤቴ ነው።"

ሳላስበው አመለጠኝ። አሁን ደግሞ የት ነው የምሄደው፣ ብዬ አሰብኩ። እሷ ወንበሯን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ማሽኑን አየች።

"ቤትሽ ከሆነ" አለች፣ ሳትጮህ፣ "መጸዳጃ ቤቱን ዛሬ አንቺ እጠቢ።"

አጠብኩ። ጥግ ጥጉን ሳይቀር፣ እየሰደብኳት።