ያሞገስኩት ሰው ከነቤተሰቡ እንዳይባረር

ቀን፦ ሜይ 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.

ለመኖሪያ ፈቃድ ይግባኝ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አመልካች፦ ኦድቫር ስሌትሞ፣ ዕድሜ 71፣ በጡረታ ላይ የሚገኝ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሾፌር፣ የመንደሩ አዳራሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አድራሻ፦ ኔርሊ ወረዳ፣ ኖርዌይ

ጉዳዩ፦ አቶ ጎቻ ኪክናድዜ ከነቤተሰባቸው እስከ ጁን 14 አገር ለቀው እንዲወጡ የተሰጠው ውሳኔ በእኔ ጥፋት የመጣ ስለሆነ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የምጽፈው ሦስተኛ ደብዳቤ ነው። ለሁለቱ የደረሰኝ መልስ ቃል በቃል አንድ ስለሆነ፣ በስሕተት አንዱን ሁለት ጊዜ የላካችሁልኝ መስሎኝ ቀኑን አመሳክሬአለሁ። ሦስተኛው የተለየ ነገር ያመጣል ብዬም አልጠብቅም። ሆኖም የቀደሙት ደብዳቤዎቼ ዙሪያ ጥምጥም የሄዱ ስለነበሩ አሁን ነገሩን ከሥሩ በአክብሮት አስረዳለሁ።

1. አቶ ጎቻ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኔስታንና ሁለት ልጆቻቸው ከጆርጂያ ወደ ኔርሊ የመጡት ከአራት ዓመት ተኩል በፊት በኖቬምበር ወር ነው። (ከዚህ በኋላ ጎቻ እያልኩ እጽፋለሁ። በእኛ መንደር አቶ ብለው ቢጠሩት ሰውዬው ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል።) የሐይቁ ዳር ጀልባ መሥሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ በያጅ ፈልጎ አጥቶ ነበር፤ የእኛ ልጆች እንደሆኑ ከተማ ከገቡ በዚያው ቀሩ ማለት ነው። ቤተሰቡ አክስቴ ከሞተች ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ባዶውን የቆመውን ቤት ተከራየ። በዚያ ክረምት ደጃቸውን የረገጠ ሰው አልነበረም። እኛ ጨዋነት ነው ብለን ነው፤ አዲስ ሰው አንድ ክረምት እስኪያሳልፍ ድረስ አናስቸግረውም። ኔስታን ግን ቋንቋውን ስትለምድ ለእህቴ ለቦርግሂልድ "ሁላችሁም የጠላችሁን መስሎኝ ነበር። ለመሆኑ በዚያ ክረምት ብንሞት ጨዋነታችሁ ይቀብረን ነበር?" ብላታለች።

2. እኔና ጎቻ የተዋወቅነው በጠብ ነው። ያን ጊዜ ገና ጡረታ አልወጣሁም። መንገዱን ልጠርግ ስደርስ ሰውዬው በአካፋ ግማሹን ጨርሶታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምን ልሠራ የመጣሁ መሰለህ?" ብዬ ጮህኩበት። በዚያ በተሰባበረ ቋንቋው "ማሽን ይመጣል፤ ልጅ ግን አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል" አለኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ስገባ ግን በማግሥቱ የእነርሱን መንገድ ከሁሉ ቀድሜ ለመጥረግ ወስኜ ነበር።

3. በኔርሊ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመከር፣ ደቦ እንወጣለን። ማንም አይገደድም። ያልወጣ ሰው ግን እስከሚቀጥለው ደቦ ድረስ ሱቅ ውስጥ ሰላም የሚለው አያገኝም። ስለዚህ ጎቻን "ቅዳሜ ጠዋት መዶሻህን ይዘህ ና" ያልኩት እኔ ነኝ። እርሱም "ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ጀልባ መሥሪያው ብቻ ነው፤ ችግር አያመጣም?" ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅኩበት። "አንተ ደግሞ! ደቦ እኮ ሥራ አይደለም" አልኩት። ይህን በመሐላ አረጋግጣለሁ፤ ስለ ሕጉ የጠየቀ እርሱ ነው፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

4. አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በእኛ ሸለቆ ሰው ሰውን አያሞግስም። አባቴ አንድም ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ሚስቴ ስትሞት እንኳ በቀብሯ ላይ ተነሥቼ "ጥሩ ሰው ነበረች" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወረዳችን በየዓመቱ "የዓመቱ ትጉህ ሰው" ብሎ አንድ ነዋሪ ይሸልማል። ጥቆማው በጽሑፍ ሆኖ የጠቋሚው ስም አይገለጽም። ስሜ የማይወጣ ከሆነማ ብዬ ስለ ጎቻ ጻፍኩ። የአዳራሹን ጣሪያ ጠገነ፣ የትምህርት ቤቱን የውሃ ቧንቧ በየደ፣ የሐይቁን መሻገሪያ ሣንቃ ቀየረ ብዬ ዘረዘርኩ። መልሼ ሳነበው ቀጠነብኝ፤ እርሱን አላከለም። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩበት፦ "ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ ባለሙያ በደመወዝ መቅጠር ግድ ይሆንብን ነበር።"

ጎቻ ተሸለመ። ጥቆማው በመድረክ ሲነበብ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኔስታን ጽሑፉን በመስተዋት አሠርታ ሳሎኗ ሰቀለችው። "ማን እንደጻፈው ባውቅ እጁን እስም ነበር" አለኝ ጎቻ። እኔም "እንጃ፣ ቄሱ ይሆናሉ" አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መደሰቴን ለምን እደብቃለሁ።

5. ባለፈው መከር ፈቃዱን ለማሳደስ ሲያመለክት ያንኑ የሙገሳ ጽሑፍ አያይዞ ላከው። ጃንዋሪ ላይ ከበታች መሥሪያ ቤታችሁ አንዲት ሴት ደወለችልኝ፤ ጥቆማው የእኔ መሆኑን ከወረዳው ጠይቃ ነው። ትሕትናዋ የሚገርም ነበር። ጣሪያውን እርሱ ነው የሠራው ወይ አለችኝ። "ብቻውን!" አልኳት። ባለሙያ መቅጠር ግድ ይሆንባችሁ ነበር የሚለው ትክክል ነው ወይ አለችኝ። "አንድ ብቻ? ሁለት ነው እንጂ!" አልኳት። አመስግናኝ ዘጋች። እኔም ለሰውዬው ሌላ ሽልማት ያገኘሁለት መስሎኝ እያፏጨሁ እንጨት ልፈልጥ ወጣሁ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

6. በማርች ውሳኔው ደረሰ። ባለሙያ ተቀጥሮ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ያለ ፈቃድ ስለሠራና ይህም በአካባቢው ነዋሪ በስልክ ስለተረጋገጠ ፈቃዱ አይታደስም ይላል። ጎቻ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ወደ እኔ ነው። "ያያያዝኩትስ ሙገሳ ነው፤ የጻፈልኝን እግዜር ይስጠው። የገደለኝ በስልክ ያረጋገጠው ሰው ነው። ማን ነው እንዲህ የሚጠላኝ፣ ኦድቫር?" አለኝ። ዝም ስል ራሱ መለሰ፦ "ቶርስታይን ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል!"

ቶርስታይን ሃውግሊ በግ አርቢ ጎረቤታችን ነው። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከጎቻ ጋር በውሻ ምክንያት ተጨቃጭቀው ነበር፤ ይኸው ነው ጠባቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎቻ አያናግረውም። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጁ ላሻም ከቶርስታይን ልጅ ጋር ብስክሌት መንዳት ተከልክሏል። ቶርስታይን ደግሞ ቤተሰቡ እንዳይባረር በየቤቱ እየዞረ ፊርማ ያሰባሰበ ሰው ነው፤ የሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰው ፊርማ በእጃችሁ አለ። ጎቻ ይህን ሲሰማ "ደግሞ ያስመስላል" አለ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁና እየሰማሁ ሁለት ወር ዝም አልኩ።

7. በመንደሩ እውነቱን የነገርኩት ለእህቴ ብቻ ነው። ቦርግሂልድ ሰማንያ ሊሞላት ምንም አልቀራት፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። "ሰባ አንድ ዓመት አፍህን ዘግተህ ኖረህ፣ የከፈትክ ቀን የሰው ቤት አፈረስክ!" አለችኝ። የጎቻ ትንሿ ልጅ ኤካ ሰባት ዓመቷ ነው። የምትናገረው የሸለቋችንን ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ከእኛ ልጆች መካከል እንኳ የማይናገረውን፣ እናቴ ስትናገረው ያደግሁበትን። ባለፈው ሳምንት "ኦድቫር፣ ጆርጂያ ውስጥ ማን ነው እንዲህ የሚያወራኝ?" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ለውሳኔ የሚጠቅም ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

8. ለውሳኔ የሚጠቅመው ይህ ነው። የጨመርኩት ዐረፍተ ነገር ሐሰት ነው። በስልክ የተናገርኩትም ጉራ ነው። ጣሪያው ጎቻ ከመምጣቱ በፊት ስድስት ዓመት አፍስሷል፤ በስድስቱም ዓመት ያደረግነው ነገር ቢኖር ከሥሩ ስምንት ባልዲ መደርደር ነው። ጎቻ ባይመጣ ኖሮ ዘጠነኛ እንጨምር ነበር። ኮሚቴው ሃያ ሁለት ዓመት በእኔ ሰብሳቢነት አንድም ባለሙያ ቀጥሮ አያውቅም፤ ቃለ ጉባኤዎቹን አያይዣለሁ። ስለዚህ ጎቻ የማንንም እንጀራ አልነጠቀም።

9. በመሆኑም፦

ሀ) ውሳኔው በሐሰተኛ ቃል ላይ የቆመ ስለሆነ እንዲሻርልኝ፤

ለ) ሐሰተኛ ቃል በመስጠት የሚያስጠይቅ ሕግ ካለ እኔ እንድጠየቅበት፤

ሐ) ሁለቱም የማይሆን ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ጁን 21 ስለሆነ ልጆቹ ከጓደኞቻቸው ጋር እንዲጨርሱ አንድ ሳምንት ብቻ እንዲጨመርላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ። አንድ ሳምንት ለመለመን ሦስት ገጽ መጻፌ ለራሴም ያሳፍረኛል።

10. በቀደሙት ሁለት ደብዳቤዎቼ ስሜና ቃሌ ለጎቻ እንዳይገለጥ ጠይቄ ነበር። እናንተም ባለጉዳዩ እንዲያየው ያልተፈቀደ ቃል በመዝገብ ሊታይ አይችልም ብላችሁ መለሳችሁልኝ። ልክ ናችሁ፤ መልሱ ሁለቴም አንድ የሆነው እኔ ሁለቴም ስለፈራሁ ነው። አሁን ያን ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። የዚህ አቤቱታ ግልባጭ እንደ ደንቡ ለጎቻ ይላካል። አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ቦርግሂልድ በደንብ አስተምራዋለች።

ትናንት አጥሩ ጋ ቆሞ "ከሄድን በኋላ የቤቱን ቁልፍ የምተወው ለአንተ ነው፤ እዚህ የማምነው ሌላ ሰው የለኝም" አለኝ። እሺ አልኩት። ደብዳቤው ሐሙስ ይደርሰዋል።

ከአክብሮትና ከእፍረት ሰላምታ ጋር

ኦድቫር ስሌትሞ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለኔርሊ ማዘጋጃ ቤት
ለአቶ ቶርስታይን ሃውግሊ፣ በእጄ የምሰጠው
ለአቶ ጎቻ ኪክናድዜ