ሥራ ቦታ የማልጠጣው ውሃ

ጥቅምት 4
የመጀመሪያ የሥራ ቀን። ጠዋት ሻዩን ግማሽ ላይ ተውኩት። እማዬ ምላስሽ ይደርቃል አለች። ይድረቅ። የማላውቀው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱ ምን እንደሚመስል ማን ያውቃል?

አሁንማ አወቅኩ። የተጎዳ ኅብለ ሰረሰር እንጠግናለን የሚል ላብራቶሪ… የሽንት ቤቱ በር ዊልቸሬን አያስገባም። በአራት ጣት ይጠባል፣ ለክቼዋለሁ። ለጸሐፊዋ ብነግራት እስከ ዛሬ ማንም ቅሬታ አላቀረበም አለችኝ። ማን ገብቶ ያቅርብ?

አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴትዮ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ አስገቢ ሆኛለሁ። ይሁን። ከመኪናው አደጋ ወዲህ፣ በአራት ዓመት ውስጥ፣ "ነይ" ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

ጥቅምት 9
ሥራው ገባኝ። ሃያ አራት አይጦች አሉ፤ ሁሉም ደንዝዘው ሳሉ ኅብለ ሰረሰራቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸዋል። አሥራ ሁለቱ መድኃኒቱን ተወግተዋል፣ አሥራ ሁለቱ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ። የትኛዋ ምን እንደተወጋች የሚናገረው ወረቀት በፖስታ ታሽጎ ፕሮፌሰሩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ አይጦቹ ሲራመዱ በቪዲዮ እያዩ ከዜሮ እስከ ሃያ አንድ ነጥብ ይሰጣሉ፣ እኔ አስገባለሁ።

ቀኑን ሙሉ እግር፣ እግር፣ እግር። ሰው ማለት እግር ብቻ ነው እንዴ? እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ ቢጠይቁኝ መልሴ አጭር ነበር። እግሩ ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ሽንቴን እንደ ሰው ልሽና።

ጥቅምት 16
አይጦቹን የምትንከባከበውን ሴትዮ ዛሬ በደንብ ተዋወቅኳት። ተማሪዎቹ "የአይጦቹ እናት" ይሏታል። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ በእናቴ ዕድሜ ናት።

ለካ አይጦቹም መሽናት አይችሉም! ጠዋትና ማታ አንድ በአንድ እያነሳች ሆዳቸውን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ትጫናለች፣ እንደ ጥርስ ሳሙና። እያየሁ አንገቴን ደፋሁ። እኔ ያለ ቱቦ አንዲት ጠብታ አይወጣኝም። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ "እነሱም መጀመሪያ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ልጄ" አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

በየሳጥኑ ላይ ቀን የተጻፈበት ካርድ አለ። አንዳንዱ ቀን ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጋለች። ምንድን ነው ብላት፣ ጠዋት ፊኛዋን ባዶ ካገኘሁት፣ ማለት ራሷ ሸንታ ካደረች፣ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ማታ ወረፋዋ መጨረሻ ይሆናል አለች። በቃ፣ ለሥራዋ እንዲቀላት።

ኅዳር 21
ፖስታው ተከፈተ። በእርምጃ በኩል መድኃኒቱን ያገኙትና ያላገኙት አንድ ናቸው። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን ጠረገና ይሄኛው ይዘጋል፣ ወደ ሌላ መድኃኒት እንሄዳለን አለ። ያ ሁሉ ድካም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

እቤት ገብቼ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ሳላውቀው ተስፋ አድርጌ ኖሯል?

ኅዳር 22
እትዬ ካርዶቹን ወደ ቆሻሻ ከረጢት እየጣለች ደረስኩ። ነጥቦቹ ትዝ አሉኝ። ከረጢቱን ከእጇ ነጠቅኳት፣ ይቅር ትበለኝ። ጭኔ ላይ ዘርግፌ ከፖስታው ዝርዝር ጋር ማስተያየት ጀመርኩ።

መድኃኒቱን ካገኙት አሥራ ሁለቱ ውስጥ ዘጠኙ የመጀመሪያ የእርሳስ ነጥባቸው ከተጎዱ በስድስተኛው ወይ በሰባተኛው ቀን ላይ ነው። ካላገኙት ውስጥ አንዷ ብቻ፤ ሌሎቹ ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ። ሦስቴ ቆጠርኩ። እትዬ ደግሞ የትኛዋ ምን እንደተወጋች አታውቅም! ለማንም አላደላችም።

ኅዳር 23
ቆጠራዬን ለፕሮፌሰሩ ወሰድኩለት። ቆሞ አየው። "ይሄ የጽዳት ምልክት ነው፣ ዳታ አይደለም" አለኝ። የአይጥ ፊኛ ደግሞ ቆይቶ በራሱ ይመለሳል ብሎ ጨመረ። መቼ፣ ብዬ ጠየቅኩት። ሰዓቱን አየ።

ደሜ ፈላ። አይጦቹን አሥራ ስምንት ዓመት በእጇ የያዘችው ሴት ጽዳት፣ ሁለት ወር ቪዲዮ ያየ ልጅ ዳታ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ብዬ ነቀዝኩ።

ኅዳር 28
ስብሰባ። የጥናቱ መዝጊያ ወረቀት ላይ ሊፈርሙ ነው። እጄን አነሳሁ።

"ፕሮፌሰር፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ውሃ ስጠጣ አይተውኝ ያውቃሉ?"

ግራ ገባው። አላየሁም አለ።

"ሐኪሜ በቀን ሁለት ሊትር ጠጪ ይለኛል። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ጠብታ አልቀምስም። ሽንት ቤታችሁ አያስገባኝም። ባለፈው ዓመት ከፊኛዬ የተነሳ ኩላሊቴን ታምሜ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ። እግር እግር ትላላችሁ፤ እኔን የሚገድለኝ እግሬ አይደለም።"

ካርዶቹን ፕሮፌሰሩ ፊት ደረደርኩለት። አንድ በአንድ አገላበጣቸው። ከዚያ ሴትየዋን ጥሯት አለ። እትዬ ለመጥረግ ካልሆነ በቀር ያንን ክፍል ገብታበት አታውቅም፤ በሩ ላይ ቆመች። ተቀመጪ አላት። ባዶ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? አውራ ጣቷን አሳየችው። አልፈረመም።

ኅዳር 29
ምን ነካኝ? ስለ ሽንቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ሌሊቱን ሙሉ ተቃጠልኩ። ለእማዬ ነገርኳት። "እሰይ፣ ጥርግ አድርገሽ ነግረሻቸዋል" አለች።

ጥር 6
እንደገና ተጀምሯል። አዲስ ሃያ አራት፣ አዲስ የታሸገ ፖስታ። ቅጹ ላይ ከእርምጃ በፊት አንድ ዓምድ አለ፤ ፊኛ፣ በሚሊ ሊትር። የምትሞላው እትዬ ናት፣ ከታች ትፈርማለች። ነጥቦቹ አጋጣሚ ሆነው ይቀሩ ይሆናል… አላውቅም። መድኃኒቱ ለሰው ቢደርስ እንኳ ለእኔ ይደርሳል ወይ? እሱንም አላውቅም።

ፕሮፌሰሩ ይቅርታ አላለም። ግን ማክሰኞ አናጢ መጥቶ የሽንት ቤቱን በር ነቅሎ አሰፋው። አቧራው እስካሁን አልጠፋም።

አራት ሰዓት ላይ እትዬ ሳልጠይቃት በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። ቆማ እንደ ሕፃን አስጨረሰችኝ። ብርጭቆውን መለስኩላትና "ይድገሙኝ" አልኳት።